የተቀየሩት ቁልፎች

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ቁልፍ» ነው የሚላት። በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለችው እርጥብ ክፍል ውስጥ ለችግረኞች የሚመጣውን ልብስ ትለያለች፣ ትጠግናለች፣ ታድላለች። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። ክፍሏን እስከ ዛሬ አልወደድኳትም። ኮቶቹ ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ ፊታቸውን ያዞሩብን ሰዎች ይመስላሉ። በር ሲከፈት ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ይነቃነቃሉ።

አብዛኛው የሟች ልብስ ነው። በፊት በፊት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን ኮት ገበያ መሃል ሲሄድ አይታ ተከተለችው። ለባሹ ዞር ሲል ተዝለፍልፋ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አክስቴ የሟችን ልብስ ቁልፉን ሳትቀይር አትሰጥም። የልብሱ ባለቤት በሕይወት ካለ ግን ቁልፉን አትነካም። ይህንኑ ከወንዝ ማዶ ላለው ቤተ ክርስቲያን ሴቶችም አስተማረቻቸው፤ የተረፈንን ልብስ ከእነሱ ጋር እንለዋወጣለን።

«አሁን ቁልፍ ስለተቀየረ ሰው ይረሳል?» እያልኩ ስቀልድባት፣ «ለዓይኑ ብዬ ነው እንጂ ልቡንማ የት አባቴ አገኘዋለሁ» ትለኛለች።

አንድ ልጅ ነበራት፤ ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ድምፁ የጠፋ። በር ላይ ቆማ «ኮትህን ቆልፍ፣ ይበርዳል» ብላ ነው የሸኘችው። ስለ እሱ ሲጠይቋት «ይመጣል» ትላለች፣ በቃ። ሁለተኛ የሚጠይቃት የለም።

ባለፈው ክረምት ከማዶ የመጣውን ጆንያ ስንፈታ አንድ ቡናማ ኮት አነሳች። የግራ ኪሱን ገለበጠችው። በቀይ ክር የተሰፋ ነው። ጥቁር ክር አልቆባት በቀይ የጠገነችው ራሷ ናት፤ ልጇ ሲስቅባት እኔም ነበርኩ።

«ማዶ አለ ማለት ነዋ» አልኳት በደስታ። እኔ ሞኟ የማየው ኪሱን ነው። እሷ የምታየው ቁልፎቹን ነበር። ጥቁር የነበሩት ነጭ ሆነዋል።

ማዶ ደወልኩ። «እሱማ» አለችኝ እዚያ ልብስ የምትለየው ሴትዮ፣ «ሆስፒታል ጠያቂ ሳይኖረው የሞተ ልጅ ነው። እኛው ነን የቀበርነው። አልቅሰንለታል።»

ስልኩን ስዘጋ አክስቴ ነጮቹን ቁልፎች በጣቷ ትዳስስ ነበር። በሩ ዝግ ነው፣ ነፋስም የለም፤ ኮቶቹ ግን ይነቃነቁ ነበር። ፈራሁ።

ከለቅሶው በኋላ ኮቱን ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጮቹን ቁልፎች በመቀስ በጠሰቻቸውና ከጣሳዋ ጥቁር ቁልፎች መርጣ ሰፋችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ አክስቴ?»

«የምቀይረው ሌላው ሰው እንዳይደነግጥ ነበር» አለች ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «እኔ ልደንግጥ።»

በማግስቱ ዝናብ ያበሰበሰው አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ መጣ። ኮቱን ራሷ አለበሰችው። ልክክ አለበት። እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ አመስግኖን ወጣ። አክስቴ እስከ ደጃፉ ተከተለችው። ከኋላ ሲታይ ያው የልጇ ትከሻ፣ ያው አካሄድ ነው። መንገዱ ጋ ሲደርስ ቀስ ብላ ጠራችው።

«ልጄ።»

ጀርባው ቆመ። እስኪዞር ድረስ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

«አቤት፣ እናቴ» አለ የማናውቀው ፊት።

«ኮትህን ቆልፍ» አለችው። «ይበርዳል።»

ዝናቡ ውስጥ ቆሞ አንድ በአንድ ቆለፈና ሄደ።