ኒያንጃ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ

ረቡዕ ጠዋት ከእናቴ ጋር ከኮዬ ፈጬ የወጣነው ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ የሚተረጉምልን ሰው ልንፈልግ ነው። ወንድሜ ሄኖክ በማላዊ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ከሄደ በኋላ አራት ወር ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ማክሰኞ ከራሱ ስልክ የድምፅ መልእክት መጣልን። የምትናገረው ግን አንዲት ሴት ናት፤ ቋንቋውም አይገባንም። ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ፣ "ማላዊ ከሆነ ቋንቋው ኒያንጃ ነው። ሳሪስ አቦ ድንች የምትሸጠዋ የአስካለ ልጅ ዛምቢያ ታስሮ የመጣ ነው፣ ይችላል" አሉን።

ሦስት ሰዓት፣ ሳሪስ አቦ

የሚኒባሱ ሰልፍ ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። እናቴ መንገዱን ሁሉ ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። ወይዘሮ አስካለን ገበያው ውስጥ ድንች ሲመዝኑ አገኘናቸው።

"ልጄ ታሪኩ ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ስድስት ሰዓት ለምሳ ይወጣል" አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ስለዚያ አገር ሲጠይቁት ግን አይወድም" አሉን።

ስድስት ሰዓት፣ ቂሊንጦ

ከፋብሪካው በር ማዶ፣ የላስቲክ ዳስ ሥር ዳቦና ሙዝ ገዝተን ጠበቅነው። እናቴ አልቀመሰችም። ታሪኩ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጉዳያችንን ሲሰማ ትንሽ አመነታ፤ የእናቴን ፊት አይቶ ግን ስልኩን ተቀበለ።

"እኔ የማውቀው የሉሳካ ከተማውን ኒያንጃ ነው፣ እማማ። ይቺ የማላዊ ሴት ናት፤ እነሱ ቺቼዋ ነው የሚሉት። እኛ ደህና ነኝ ለማለት 'ኒሊ ብዊኖ' ስንል እነሱ 'ንዲሊ ብዊኖ' ይላሉ። አንዳንዱ ሊያመልጠኝ ይችላል።"

አዳመጠ። "'ምዋና ዋኑ' ልጅዎ ማለት ነው። 'ዋቲሲያ'... ትቶን ሄደ ነው የምትለው።"

"ደቡብ አፍሪካ ገባልኝ!" አለች እናቴ። ተነሥታ እልል አለች። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሠራተኞች ዞረው ሣቁላት።

ታሪኩ አልሣቀም። ድምፁን መልሶ ከፈተው፤ ደግሞ መለሰው።

"እማማ፣ ይቀመጡ።"

"ምነው ልጄ?"

"'ማንዳ' ትላለች። ማንዳ መቃብር ነው። እስር ቤት ጓደኞቻችንን ስንቀብር የለመድኩት ቃል ነው።" ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "እኛስ በአማርኛ 'ተለየን' እንል የለ? እንደዚያ ማለቷ ነው።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዓት የቆየን መስሎኝ ነበር፤ ታሪኩ ግን ከምሳ ሰዓቱ አላሳለፈም። እናቴ ማልቀሷን ስታቆም አንድ ነገር ብቻ አስጠየቀች፦ ማን ገነዘው? ታሪኩ በዚያ ቋንቋ ተናግሮ ላከ። ሴትየዋ ወዲያው መለሰች። ሄኖክ በወባ ታሞ ደጃፏ ላይ ወድቆ ነው ያገኘችው። ሲያርፍ ከቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ጋር ሆና በራሷ ቺቴንጄ ጠቅልላ ቀበረችው።

"ሉሳካ ቺቴንጌ ነው የምንለው" አለ ታሪኩ። "ሴቶቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ጨርቅ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እንዴት ነው የሚባለው?"

"ዚኮሞ። ይሄ ማላዊም ዛምቢያም አንድ ነው።"

እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ራሷ ተናገረችው፤ ሦስት ጊዜ።

አሥር ሰዓት፣ ኮዬ ፈጬ

ቃል የሚያውቅ ሰው ካገኘን ጉዳያችን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር የወጣሁት። ለካስ ቃሉን አውቆ ሐዘኑን መሳት አለ። ታሪኩ የለየው እዚያ ጓደኞቹን ስለቀበረ ነው።

በስልክ የነገርናቸው ጎረቤቶች ደረጃው ላይ ተቀበሉን። ጋሽ በቀለ እያለቀሱ፣ "ወይኔ ልጄን፣ እናት ሳትቀብረው!" አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መለሰችላቸው። "ይተዉ፣ ጋሼ። እናት ቀብራዋለች።"