የሰረዝኩት አረማመድ

ይህን ለወለደችኝ እናቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩትም። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁና እስክጨርስ ታገሡኝ።

እኔና ጓደኛዬ ሆዳን ጅግጅጋ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍልና በአንድ ኮምፒውተር፣ የሕልም ዓለም እየፈጠርን ፊልም እንሠራለን። ንግግር የለው፣ ታሪክ የለው። ሰማይ ላይ የሚወጣ ሐዲድ፣ ትኬት ይዘው ባቡር የሚጠብቁ ግመሎች። ጎረቤት «ሳይቅሙ የመረቀኑ» ይለናል። ጠዋት የእኔ ተራ ነው፣ ከሰዓት የእሷ። ተራውን የጨረሰ የሠራውን ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ሌላው አንብቦ ይቀጥላል። በዚያ ደብተር አንድ ጊዜ ብቻ ተዋሸ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

የሆዳን እናት አዲጋላ ባቡር ጣቢያ የግመል ወተት ይሸጡ ነበር። ሆዳን «ሆዮ» ትላቸዋለች፣ እማዬ እንደማለት፤ ልጅ ሳለች ሞቱባት፤ ፎቶ እንኳ የላትም። የቀራት አረማመዳቸው ነው፤ ጀሪካኑ በቀኝ ስለሚከብዳቸው ወደ ግራ ዘንበል ይሉ ነበር። እሷ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ግቢው ውስጥ ትራመዳለች፣ እኔ በሞባይል ቀርጬ ኮምፒውተሩ ላይ እገለብጣለሁ፣ እሷ ከዚያ እያየች እናቷን ትስላለች፣ «አይ፣ ሆዮ እንዲህ አትረግጥም» ትላለች፣ እንደገና እንጀምራለን። ስምንት ወር ፈጀ። በመጨረሻ እናቷ በፊልማችን ጣቢያ፣ እኔ በሠራሁት ሰማይ ስር ተራመዱ።

አክስቷ ከአዲጋላ መጥተው ሲያዩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ወላሂ እሷ ናት! ምን ታያላችሁ፣ ጀሪካኑን ተቀበሏት እንጂ!» ሁላችንም አለቀስን። ከዚያ በኋላ ያየ ሁሉ ስለ አረማመዱ አወራ። ሰማዬን ግን አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላየልኝም። ሰው በሞተች እናት ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አንድ ጠዋት ብቻዬን ሳለሁ ከነቀረጻው ሰረዝኳቸው። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ደብተሩ ላይ «መብራት ሄደ፤ ፋይሉ ተበላሸ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ከተማ መብራት ሄደ ያለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

ሆዳን ከሰዓት መጥታ አነበበች።  ከዚያ ፊቴን አየችና ታጽናናኝ ጀመር። «አብሽር ዋላል» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ኮፒ ማስቀመጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ሰረዝኩ፣ ደግሞ ዝም አልኩ። የትኛው ይብሳል?

እንደገና ልትሠራ ሞከረች። ጀሪካኑን ይዛ ግቢውን ስትዞር ቆይታ አስቀመጠችው። «ጠፋችብኝ። አሁን የማስታውሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያየኋትን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በየአምስት ደቂቃው ኮፒ ታደርጋለች፤ ባደረገች ቁጥር በእኔ ጥፋት ራሷን ትቀጣለች።

እወዳታለሁ። ሻይ ስታመጣ ለእኔ ስኳር የምትጨምር፣ ስታመም ከእናቴ ቀድማ የምትደርስ እህቴ ናት። ያልነገርኳት ስለምወዳት ነው እያልኩ ራሴን አታልዬ ኖሬአለሁ። አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ያንን አሮጌ ደብተር አወጣሁና ከዚያች መስመር ስር «መብራት አልሄደም ነበር። እናትሽን የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ገልጬ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬዋለሁ። ሆዳን በስምንት ሰዓት ትገባለች። የእኔ ተራ አልቋል፤ ግን አልወጣሁም፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኳት ነው።