ሽማግሌ የተላከላት ሞተር

አባቴ ሞተር ብስክሌቱን የሚያቆመው ሳሎን ውስጥ ነበር። ጉለሌ ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ ከሞተሯ ጋር ተጋፍቶ መቀመጥ ግዴታው ነው። እናቴ ጥልፍ ጨርቅ ጣል ታደርግባትና ቡፌ ልታስመስላት ትሞክራለች፤ መሪዋ ግን ከጨርቁ ሥር እንደ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ ወጥቶ ያሳብቅባታል። ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ቀይ፤ በዕድሜ ታላቄ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ሲመላለስባት ኖሮ፣ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ መርገጫዋን ረግጦ ማስነሳት አቃተው። በዚያ ላይ የደርግ ዘመን ነውና ቤንዚን በኩፖን ነበር። ቢሆንም ካንዴላዋን እየፈታ ይጠርጋል፣ መልሶ ይገጥማል። እናቴ "ይቺን ብረት ከቤቴ አውጣልኝ" ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ "እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ።"

ፈረንጁን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ያኔ ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ሰውዬው ደግሞ አገር ላገር የሚዞር መንገደኛ ነው፤ ረጅም፣ ጺማም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። በአውሮፕላን መጥቶ በሞተር መመለስ አማረው። በሞያሌ አድርጎ ናይሮቢ፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን ሞተር እንደ ልብ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። አንድ ቀን ለይለፍ ወረቀት የሚሆን ማመልከቻ ሊያስጽፍ ቢሯችን መጥቶ ይህንኑ ሲያማርር፣ እኔ የምናገረውን መቼ አስቤ አውቃለሁና፣ "እኛ ሳሎን አንድ አለች" አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት መጣ። ገና ደጃፉን ሳያልፍ የኪስ ቦርሳውን አወጣና በእንግሊዝኛ "ስንት ነው?" አለ። እኔም ተረጎምኩ። አባቴ ቦርሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነችውን ሞተሩን አየ።

"ጤና ይስጥልኝ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ! ዶሮ ሊገዛ ነው እንዴ የመጣው? አትሸጥም በይው።"

ፈረንጁ ውጭ ወጥተን "ምን አጠፋሁ?" አለኝ፤ ፊቱ ተቀያይሯል። አሳዘነኝ። እኛ ዘንድ የተቀየመን ሰው፣ ወይም የሚሳሳለትን ነገር ሊሰጥህ የማይፈልግን ሰው፣ አንተ ራስህ ሄደህ አትለምነውም፤ ሽማግሌ ትልካለህ፣ ብዬ አስረዳሁት።

"ሽማግሌ ከየት ይገኛል?"

"ጉለሌ ውስጥ ሽማግሌ አይጠፋም" አልኩና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ ማስታወስ እንደሚፈልግ ሰው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቃሉን ደገመው። ተስፋ ቆርጦ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎች ሽማግሌዎች መናገር አለብኝ፤ ስላልተላኩት። ቁስቋም አካባቢ የሚኖር አንድ ልጅ ነበር። መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ፈሪ። የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሊብሬ ላይ ማኅተም ይመታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ ፌርማታው ድረስ እየሸኘኝ፣ "ሽማግሌ እልካለሁ" እያለኝ ከረመ። መጀመሪያ ከፋሲካ በኋላ ነበር፤ ከዚያ ከክረምት በኋላ ሆነ፤ ከዚያ የደረጃ ዕድገቱ ሲመጣ። እወደው ነበር፣ ምን ላድርግ። ግን አንጀቴ አረረ። መስቀል እስኪያልፍ ካልላከ በቃ፣ ፌርማታም እቀይራለሁ፣ ብዬ ቆረጥኩ። ይህንን ለእናቴም፣ ለጓደኛም አልተናገርኩም፤ የሚወዱትን ሰው ፈሪ ነው ብሎ ማውራት ያሳፍራል።

ፈረንጁ ቤታችን በመጣ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችን ቁልቁል ወረዱ። አንዱ የእድራችን ዳኛ ናቸው፣ አንዱ ጃንጥላ የያዙ ቄስ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው ፈረንጁ፣ ከየት እንደተዋሰው እንጃ፣ ጉልበቱ ላይ የቀረ ጋቢ ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ያለፉት ደግሞ በቦኖ ውኃው በኩል ነው፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጀሪካን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት። ያላገባች ልጅ ወዳለችበት ቤት፣ እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌ ሲሄድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይላል? በራችንን ሳያንኳኩ እኔ ተድሬ አልቄያለሁ።

እናቴ ራሷ በመስኮት አይታቸው ክው አለች። እኔን ገፍትራ ጓዳ አስገባችኝና ቀሚሷን እየቀየረች "ፈረንጅ! አገር ጥለሽ ልትሄጂ!" እያለች ታለቅሳለች። ለማስረዳት አፌን ብከፍት ማን ሊሰማኝ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው፣ "ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም" አሉ። አባቴ "ይሰማል" አለ። የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "የመጣነው ሞተርህን ለዚህ እንግዳ እንድትሰጠው ልንለምን ነው" አሉ።

"ለሞተር ነው?" አለች እናቴ፤ ዕንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ ቅር ባለው ድምፅ። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

አባቴ ግን አልሳቀም። ደስ አለው፤ ከጓዳው በር ስንጥቅ አየሁት፣ ቁመቱ ሁሉ የጨመረ መሰለኝ። እንደ ልጅ አባት ኮራ ብሎ፣ "እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ" አላቸው። ከማን ጋር ሊመካከር እንደሆነ እንጃ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ በቦኖው በኩል፣ ነጭ በነጭ። አሁንም "ተመለሱ" አላቸው። በሦስተኛው እሁድ ፈረንጁ ሌሊት ዝናብ ላይ እንዳያሳድራት፣ ዳገት ላይ እንዳያስጨንቃት እጁን አንሥቶ ማለና አባቴ እሺ አለ። ቄሱ መንገዱን ባረኩ። አባቴ የሞተሯን ታንክ በመዳፉ ዳበስ አድርጎ ጓዳ ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያኔ ፈረንጁን ያመጣሁበትን ቀን ረገምኩት።

ከዚያ የምዝገባው ጣጣ መጣ። ሊብሬውን በፈረንጁ ስም ለማዛወር መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ ለሞተር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ስለዚህ ለሰው የሚጽፈውን አውጥቶ ያነብልኝ ጀመር፤ እኔ በታይፕ እመታለሁ። "ሞተሯ የቀበሌያችን ነዋሪ ስትሆን በጸባይዋ የተመሰገነችና ከማናቸውም ፀረ አብዮት እንቅስቃሴ ነፃ መሆኗን እናረጋግጣለን።" ቀና ብዬ አየሁት። የምሩን ነው። እኔም ምላሴን ዋጥ አድርጌ ጻፍኩ፤ ዘመኑ ለሞተርም ቢሆን እንዲህ ያለ ማስረጃ መያዝ የማይከፋበት ዘመን ነበር።

ደብዳቤውንና ሞተሯን ይዘን፣ ፈረንጁና እኔ፣ ምዝገባ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያ ልጅ ተቀምጧል። ለሦስት ሳምንት ፌርማታው ላይ ስላላየሁት ደስ ብሎኝ ፈገግ አልኩ።

"ምን ልርዳዎት፣ ጓድ?" አለኝ።

ዘወር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ከፈረንጁ በቀር ማንም የለም። እርስዎ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ጓድም እኔው።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ካነበበ በኋላ "የኢሚግሬሽን ማስረጃ ይጎድለዋል" አለ። አመጣን። "ዋስ ያስፈልጋል" አለ። የእድሩ ዳኛ መጥተው ዋስ ሆኑ። "የሞተር ቁጥሩ በእርሳስ ተፍቆ በወረቀት ይቅረብ" አለ። ፈረንጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ ፍቆ አቀረበ። ቀጥሎ ልጁ ክላክሷን አልሰማሁም ብሎ ራሱ ወጥቶ ተጫናት። የግቢው ውሻ ደንግጦ እስኪጮህ ድረስ ጮኸች። "ድምጿ ያንሳል" አለና ተመልሶ ገባ። "ከአገር የሚወጣ ንብረት ስለሆነ በቀላሉ አይለቀቅም።"

ፈረንጁ ግን በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። "እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ አገሬም አላየሁም" አለኝ። ደሜ ፈላ።

ነገሩ የገባኝ በዚያው ቀን ወደ ቤት ስመለስ ነው። ቦኖው ጋ አንዲት ጎረቤታችን ጀሪካኗን አስቀምጣ አቅፋ ሳመችኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ! ፈረንጅ አገር ስትሄጂ እኛን እንዳትረሺ። ሦስት እሁድ ነው አሉ የተመላለሰው? እንዲህ ነው ወንድ!" አለችኝ።

መንገድ መሃል ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ለካ ጓድ የሆንኩት፣ ክላክሷ ያነሰችው ለዚህ ነው! ሌላ ሴት ብትሆን ታዝንለት ይሆናል፤ እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። አፉን ከፍቶ "እውነት ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያቃተው ሰው፣ ማኅተም ላይ ሲሆን ጀግና ሆነ። ደግሞ ፈራሁ። ጨርሶ ትቶኝ ቢሆንስ? ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ከፊቴ ሰልፍ ነበር፤ ተራዬን ጠብቄ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

"ጓድ" አልኩት፣ "አንድ የጎደለ ማስረጃ አለ፤ እሱን ላቀርብ ነው። ፈረንጁ ሽማግሌ የላከው ለሞተሯ ነው። ለሞተሯ! ቋንቋ አያውቅ፣ ዘመድ የለው፣ ከመጣ ገና ወር አልሆነው፤ ሽማግሌ ግን አላጣም። ሁለት ጊዜ ተመለሱ ተብሎ ሦስት ጊዜ መጣ። ለብረት! አንተ እዚሁ ተወልደህ እዚሁ አድገህ ሽማግሌ ጠፋብህ?"

 ከኋላዬ ካለው ሰልፍ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በጎርናና ድምፁ፣ "ጓድ፣ ለኅብረተሰቡ መልስ ይሰጥ እንጂ!" አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ።

ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። ማኅተሙ ከእጁ ወድቆ ጠረጴዛ ሥር ተንከባለለ፤ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ቆየ። ቀና ሲል "ለሞተር ነው?" አለኝ።

"ለሞተር ነው።"

"አንቺ... አትሄጂም?"

አንቺ ስላለኝ ብቻ ዕንባዬ መጣ። "የት እሄዳለሁ?" አልኩት።

ሊብሬው በዚያው ዕለት ወጣ፤ ታርጋው ተመታ፤ ቦሎው ሳይቀር ተለጠፈ። ፈረንጁ ከመስኮቱ በኩል እጁን አስገብቶ ያንን ጥንቁቅ ሠራተኛ ጨብጦ አመሰገነው። በሳምንቱ ደግሞ ከደጃችን ሞተሯን አስነሣ። አባቴ በዚያ ጉልበቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላ እየገፋ ሸኛት። ድምጿ እስኪጠፋ መንገዱ ላይ ቆሞ ሰማና እያነከሰ ተመለሰ።

ቀጥሎ በመጣው እሁድ ሽማግሌዎች በቦኖው በኩል ወረዱ። ያ ልጅ ቸኩሎ ሌላ መፈለግ አቅቶት ነው መሰለኝ እነዚያኑ ሦስቱን ነው የላካቸው፤ መንገዱን ስለሚያውቁት ይሆናል። እኔ ጓዳ ገባሁ፤ በዚህ ጊዜ ገፍታሪም አላስፈለገኝም። ሳሎኑ ሰፍቷል፣ ሦስቱም ጎን ለጎን ለመቆም ቦታ አላቸው። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የልጁን ዘር ማንዘር ቆጥረው፣ "ልጅህን ለልጃችን" አሉ።

እንደ ወጉ የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ፦ እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። የሴት ልጅ ክብሯ እዚያ ላይ ነው።

"ሰጥቻለሁ" አለ አባቴ። "ተቀመጡ።"

ሽማግሌዎቹ እንኳ ግራ ተጋቡ። ሃምሳ አለቃው ለሦስት እሁድ ተዘጋጅተው ነበር መሰለኝ፣ "አሁኑኑ?" አሉ። እናቴ አባቴን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እሱ ወይ ፍንክች።

ሄደው ሲያበቁ ከጓዳ ወጣሁ። "ለሞተሯ ሦስት ጊዜ አመላለስካቸው! እኔ ከሞተር አንሼ ነው?" አልኩት።

አባቴ ጉልበቱን እያሻሸ ቀስ ብሎ፣ "ፈረንጁ ቢመልሱትም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ነው" አለኝ። "ያንቺውን ግን አየሁት፤ አጥሩ ጥግ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ተመለሱ ብላቸው በዚያው ሊሸሽ እግሩን አንሥቷል። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ሌላ ሁለት ዓመት ልትጠብቂ ነው?"

 ሁለት ዓመት መሆኑን በዚያ ቤት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።