በእትዬ ጥሩወርቅ መቀነት የከረመው ቴሌግራም

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አለፈው። ያኔ ደባርቅ ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አገሬ ህንድ፣ ኬረላ ነው። ባለቤቴ እዚያ ለትምህርት መጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሲያስቀድስ ተዋወቅን። ተጋብተን ተከትዬው መጣሁ። ብርዱንም ቋንቋውንም ለመድሁ። ያልለመድሁት የጎረቤቶቼን ደግነት ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ ታማ ስለት ተስዬላት ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ባለቤቴ አስተማሪ ነውና ለአዲስ ትምህርት ቤት ጉዳይ አምባራስ ሄዷል።

ዓርብ ዕለት ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ እንስራዬን ከጀርባዬ ነጠቁኝ። «አንቺ አትሸከሚ፤ ጉልበትሽን ቆጥቢ» አሉኝ። ቅዳሜ ሦስት ሴቶች ወጥ ይዘው መጡ። «ብዪ፣ ሣራዬ፣ ጠግበሽ ብዪ።» ምን ሆናችኋል ብል ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። ሰኞ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ለመሆኑ የእናትሽ ስም ማን ነው?» አሉ።

«ማርያማ።»

«ውይ! ስሟ ሲያምር!» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ባለቤቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸውም የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። አባ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» ከማለታቸው፣ እትዬ ጥሩወርቅ «ማርያማ! እናቴ ማርያማ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እኔም ወደቅሁ።

ከብዙ ልቅሶ በኋላ «ማን ነገራችሁ?» አልሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከመቀነታቸው ፖስታ ፈቱ። ቴሌግራም ነው። ዓርብ የአውቶቡስ ሾፌር ከጎንደር አምጥቶ ሰጥቷቸዋል። አልተከፈተም!

«ቴሌግራም ደግ ነገር ይዞ አያውቅም» አሉ። «ባልሽ በሌለበት ብቻሽን መርዶ ትስሚ? ምን አረመኔ አደረገን!»

ባለቤቴን ሰኞ ማታ ከአምባራስ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው አስቀርተውታል። እንግሊዝኛ አንባቢው ባሌም ፖስታውን ሳይከፍት አመናቸው።

ቀደድሁት። መርከበኛው ወንድሜ ከኤደን ወደብ የላከው ነው፦ «እናታችን ድናለች። መርከባችን ቅዳሜ ምጽዋ ገብታ ማክሰኞ ጠዋት ትነሣለች። ነይ፣ ልይሽ።»

ምጽዋ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው።

በአማርኛ ሳነበው ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ለልቅሶ የተቀቀለው ንፍሮ ለደስታ ተበላ። እኔ ጥግ ይዤ ሳለቅስ እትዬ ጥሩወርቅ ተቆጡኝ።

«እናትሽን አስነሥቶልሽ ታለቅሻለሽ? ኧረ እግዜርን ፍሪ!»

«ወንድሜስ?»

«ወንድምሽማ ደህና አይደል እንዴ!»

ወንድሜ ወደቡ በር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ የምመጣበትን አውቶቡስ ሲጠብቅ እንደ ነበር በኋላ ጻፈልኝ። እስካሁን አላየሁትም።

የንስሐ አባቴ «ይቅር በያቸው» ይሉኛል። እሞክራለሁ። ግን እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይቺን ልጅ አራት ቀን ሙሉ ሳላስደነግጥ የያዝኋት እኔ ነኝ» ይላሉ፤ እንግዳውም ይመርቃቸዋል። ጥፋቱን አጠፋሁ የሚል ሰው ሳይኖር ይቅርታውን ለማን ልስጥ?