ከሠላሳው ሃያ ስምንት

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ለዓመታት ተቆልፎ የኖረውን የብረት ቁም ሣጥን ከፍታ አሮጌውን የፈተና ማባዣ ስታወጣ፣ የደረቀ ቀለምና የስቴንስል ሽታ መተላለፊያውን ሞላው፤ እኔም የተማሪዎቼን ወረቀት እንዳቀፍኩ ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ሴትዮዋ ያመመኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ። አላመመኝም፤ ደክሞኛል እንጂ። ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ተኩል የቀረኝ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬን የሰው ልጅ ድርሰት ሳርም ጨርሻለሁ፤ ያ ሽታ ግን ከዚያ ሁሉ ወረቀት ሥር አንዱን መዝዞ አወጣብኝ።

ያኔ ቢቸና ላይ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ማምሻ ነው፤ ስብሰባው የማያልቅበት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት፣ ወንዶቹ የክፍል ጓደኞቻችን የቀበሌ ሰው ባዩ ቁጥር ጎንበስ ብለው ቁመታቸውን የሚያሳጥሩበት ጊዜ። እኔ ከጉንደ ወይን ነበር የመጣሁት። የሻረግ ደግሞ የሞጣ ልጅ ናት፤ አጎቷ ዘንድ ሆና ልትማር መጥታ፣ አጎቷ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ብቻዋን ስለቀረች፣ ከእህል ገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል አብረን ተከራየን። በገበያ ቀን የጤፍ ብናኝ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ደብተራችን ላይ ይነሰነሳል፣ ከግድግዳው ማዶ የታሰሩ አህዮች የምናጠናውን ሁሉ በጩኸታቸው ያፈርሱብናል፤ እኛም ከቤት የተላከልንን በሶ እየበጠበጥን እንሥቃለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሣቅሁበት ቤት የለኝም።

የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ቶሌራ ከወለጋ ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ክፍል ገብተው፣ ከዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ከመቶው ሠላሳው አጭር ልብ ወለድ እንደሚሆን፣ ርዕሱንም እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ እንደምናገኘው ነገሩን። ክፍሉ ተርበተበተ። ወዲያው ግን አንድ ብልሃት ተገኘ፤ ሁሉም ሰው ሁለት ሦስት ታሪክ አስቀድሞ ጽፎ ይሸመድዳል፣ የመጣለትንም ርዕስ ጎትቶ ወደ ታሪኩ ያመጣዋል። የቤታችን ባለቤት መሪጌታ፣ እኔ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ታሪኬን በቃሌ ስወጣው ሰምተው፣

“ልጄ፣ የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግም ጓደኞቹ ይሥቁበታል። እናንተ ልብ ወለድን እንደ ዳዊት ልትደግሙት ነው?” አሉኝ።

አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ፤ መሸምደዱን ግን አልተውኩም። ሦስት ታሪክ ነበረኝ፤ አንዱ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ አንዱ ስለ አዝመራ፣ አንዱ ስለ አንድ ስግብግብ ነጋዴ። የሦስቱም ዋና ገጸ ባሕርይ መጨረሻው ላይ ይሞታል፤ ሰው ካልሞተ ታሪክ ያለቀ አይመስለኝም ነበር። መምህር ቶሌራ እንዲያዩልኝ ብሰጣቸው አንብበው ፈገግ አሉና “ይህን ሁሉ ሬሳ ማን ይቀብርልሻል?” ብለው መለሱልኝ።

የሻረግ አንድም አላዘጋጀችም። ወንዝ ዳር ልብስ ስናጥብ ብጨቀጭቃት “እኔ ውሸት አይሆንልኝም” ትለኛለች። እኔም አዝንላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሳለች ወረቀት አለቀብኝና ከደብተሯ ልገነጥል ስከፍት፣ መሐሉ ላይ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘሁ። “ይድረስ ለምወድሽ ለእናቴ” ይላል። ከታች የፈረመው አንዳርጌ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን የዘመተ ታላቅ ወንድሟ። የእጅ ጽሑፉ ግን የራሷ የየሻረግ ነው። “እዚህ ጨረቃዋ ከሞጣዋ ታንሳለች፤ ለብዙ ሰው ስለምትበራ ይመስለኛል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንስራዋን አዝላ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

እንስራውን አውርዳ ሁሉንም ነገረችኝ። ወንድሟ በትምህርት ቤቱ አድራሻ አንድ ደብዳቤ ብቻ ልኮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። እናቷ እትዬ ጥሩአየሁ ሞጣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ጌሾ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ከሰሜን የመጣ መንገደኛ ባዩ ቁጥር ጌሾውን ጥለው እየተነሡ ይጠይቃሉ። የሻረግ ለበዓል ስትሄድ ባዶ እጇን መግባት አቃታት። አንድ ጻፈች፤ አነበበችላቸው፤ በሉ። እህል መብላት ትተው የነበሩት ሴትዮ በሉ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ አንድ ደብዳቤ ይዛ ትሄዳለች።

“ለማንም እንዳትናገሪ” አለችኝ።

“ማርያምን! ለማንም አልናገርም” አልኳት።

ለማንም አልተናገርኩም። ጻፍኩት እንጂ።

በፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲታደል ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና ጣቴን አጠቆረው። የተሰጠን ርዕስ “መልእክት የሚጠብቅ ሰው” ይላል። ሦስቱን ታሪኮቼን አንድ በአንድ ጎተትኳቸው፤ አንዱም አልመጣልኝም። አዝመራው መልእክት አይጠብቅም፤ ነጋዴው መልእክት አይጠብቅም። ጊዜው ሲገፋ እጄ በራሱ ጀመረ፤ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጌሾ የምትሸጥ እናት፣ በወንድሟ ስም የምትጽፍ ልጅ፣ ትንሿ ጨረቃ። ስማቸውን ለወጥኩ፤ ሞጣን ግን ሞጣ አልኳት። የዘመተውን ወንድም ምን እንደማደርገው ግራ ሲገባኝ እንደ ልማዴ ገደልኩት። የመጨረሻው ደብዳቤ ከጓደኛው የመጣ ነው፤ ኮረብታ ላይ መውደቁን ይናገራል፤ እህት ደብዳቤውን ደብቃ አዲስ ትጽፋለች።

መምህር ቶሌራ ወረቀታችንን ሊመልሱ ሲመጡ አንዱን ከሌላው ለይተው ይዘውት ነበር። “አሁን ጽሕፈት ምን እንደሆነ ስሙ” ብለው የእኔን ማንበብ ጀመሩ። ከሠላሳው ሃያ ስምንት። መጀመሪያ ደስታው አሳወረኝ። ጨረቃዋ ጋ ሲደርሱ አጠገቤ የተቀመጠችው የሻረግ እርሳሷን ቀስ አድርጋ ዴስኩ ላይ አስቀመጠች። እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ቤት ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። “የእኔ አልነበረም ወይ?” አለች።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ታርቀን እናልፈው ነበር። ክፍላችን ውስጥ ግን ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች፤ አክስቷ ሞጣ የእትዬ ጥሩአየሁ ጎረቤት ናቸው። ስንዱ ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ስሙ ቢለወጥም ጌሾ ሻጯን እናት ለይታ፣ የሰማችውን አምና አዝና ነው ለአክስቷ የነገረቻቸው፤ አንዳርጌ እንደሞተ፣ የሻረግም መርዶውን እንደደበቀች። ጎረቤቶቹም ደግ ሰዎች ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ ተሰብስበው ማልደው ሄዱና አረዷቸው።

ወሬው ቢቸና የደረሰው በእህል ጫኝ መኪና ሾፌር ነው። “እናትሽ ለቅሶ ተቀምጠዋል” አላት የሻረግን። በዚያው መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሞጣ ሄድን። ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። እትዬ ጥሩአየሁ ጸጉራቸውን ተላጭተው መሬት ተቀምጠዋል። የሻረግ እግራቸው ሥር ተደፍታ፣ ደብዳቤዎቹን እሷ እንደጻፈቻቸው፣ ወንድሟ መሞቱን ግን ማንም እንደማያውቅ፣ ምናልባት በሕይወት እንዳለ ነገረቻቸው። እኔም ተንበርክኬ የፈጠራ ታሪክ ነው፣ ለፈተና ነው፣ እኔ ነኝ የገደልኩት አልኳቸው።

እትዬ ጥሩአየሁ የልጃቸውን ራስ ዳበሱ። “ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ፤ አመንኩሽ። ዛሬ ደግሞ ጓደኛሽን ይዘሽ መጣሽ?” አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም። “ተይ ልጄ። ላልቅስበት።”

የሻረግ ወደ ቢቸና አልተመለሰችም። እናቷን ብቻቸውን ጥላ መምጣት አልቻለችም፤ ጌሾውንም የሚሸጥ አልነበረም። መጽሐፎቿን በሾፌሩ ላክሁላት። መምህር ቶሌራ ነገሩን ሲሰሙ ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ቀና ብለው አላዩኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግቢ ውስጥ አስቁመውኝ “ማንበቤ ነው ጥፋቱ” አሉኝ። እኔ ግን ማን እንዳጠፋ አውቅ ነበር። ውጤቱን ግን አልመለስኩም፤ ማለፊያዬን ይዤ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩና ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ገባሁ።

ደርግ በወደቀበት ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ተዝካሩ ከወጣለት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንዳርጌ በእግሩ ሞጣ ገባ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ግን እሱ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን በሱዳን በኩል ዞሮ ነበር የመጣው። እናቱ ባዩት ጊዜ መጀመሪያ እጁን ገልብጠው የልጅነት ጠባሳውን ፈለጉ ይባላል፤ ካገኙት በኋላ ነው የጮኹት። ጎረቤቶቹም “ተዝካርህን በልተናል፤ መልሱ እንዳትለን” እያሉ ሲያሥቁት ሰነበቱ። ይህን በሰማሁ ቀን እኔም ሣቅሁ፤ ሣቄ ግን ወዲያው ጠፋብኝ። እሱ ተመልሶ መጣ፤ የየሻረግ ትምህርት ግን አልተመለሰም። ያኔ አግብታ ልጅ ወልዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ድርሰት እንዳረምኩ አላውቅም። ጎበዝ ልጆች አይቻለሁ፤ እሷን የሚያህል አላየሁም። እኔም ከዚያች ፈተና ወዲህ አንዲትም ታሪክ አልጻፍኩም፤ ብዕር ሳነሣ የሆነ ሰው ድንኳን የሚተክል ይመስለኛል።

አምና ለሥራ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሞጣ ወርጄ ፈለግኋት። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ወፍራም ሴት ሆናለች፤ ሳመችኝ፤ ከዓመታት በፊት ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለናልና የድሮውን አላነሣንም። ምሳ አበላችኝ። እናቷ በሰላም ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዳርጌም ቀበሌ ዘበኛ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። ልሄድ ስነሣ፣ ልጆችሽ ደርሰዋል፣ አሁን እንኳ ጻፊ እንጂ፣ እኔ አሳትምልሻለሁ አልኳት።

ሣቀች፤ እንደ ድሮው አንገቷን ሰበር አድርጋ።

“ለማን ብዬ?” አለችኝ።

አስተማሪ ነኝ፤ ስለ አንባቢ፣ ስለ ትውልድ፣ ስለ ቋንቋ ብዙ ማለት እችል ነበር። ዘንቢሌን ብቻ አነሣሁና እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን።