«ማጉረምረም አለ፤ ይጽዳ»

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያልበራ ማይክሮፎን ተሸክሜ ግማሽ ቀን ዋልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ የቪዲዮ ፊልም ላይ ነው። አለቃዬ ጋሽ ታዬ የሚባሉ ሳውንድማን ነበሩ። ቡም የምንለውን ረጅሙን ዘንግ አስያዙኝና «ከተዋናዩ ራስ በላይ አድርገው፤ ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ» አሉኝ። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት። ምሳ ሰዓት ላይ የተቀረጸውን ሊሰሙ ሲከፍቱ ምንም የለም፤ «ባትሪ ማን አስገባ?» ብለው ጠየቁ። ማንም አላስገባም። እኔማ ማይክሮፎን ባትሪ እንደሚበላም አላውቅም ነበር።

ጋሽ ታዬ አልተቆጡም። የባሰ ነገር አደረጉ። ተዋንያኑን በሙሉ ሰብስበው «ይህ ልጅ ይቅርታ ሊጠይቃችሁ ነው» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ። የጠዋቱ ቀረጻ በሙሉ እንደገና ተሠራ።

በፊልም ሥራ የድምፅ ሰው ማዕረጉ ዝቅ ያለ ነው። ካሜራማን ሲመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። መብራት የሚተክለው እንኳ «ዞር በሉ!» ይላል። እኛ «እባካችሁ ፍሪጁን አጥፉልን» እያልን የምንለማመጥ ነን። ፊልም ሲያምር «አቀራረጹ!» ይባላል፤ ሲያስጠላ «ድምፁ አይሰማም» ይባላል። ከሃያ ዓመት በላይ የቆየሁት እልህ ይዞኝ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ጆሮዬ ቀጫጭኑን ድምፅ እየሳተ ስለሆነ ቡሙን ለናንተ ለወጣቶቹ አስረክቤያለሁ። ከማስረከቤ በፊት የሠራሁትን ጥፋት ግን ከኔው አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

የመጨረሻ ሥራዬ የሩት ፊልም ነው። ሩት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ወጣት ዳይሬክተር ናት። ታሪኩ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ስለምትሄድ ልጅና መሄዷን ስላልወደደው አባቷ ነው። የመረጠችው ቦታ ወሎ ያለችው የሐይቅ ከተማ ናት፤ እኔ ደግሞ የሐይቅ ልጅ ነኝ። «ሞላ፣ አገርህ ነው፤ አንተ ካለህ ሰው አይሸሸንም» ብላ ወሰደችኝ።

ገና ሳንጀምር ወሬው ቀደመን። አንድ የቴሌግራም ቻናል «ለትልልቅ ሽልማቶች ሊታጩ የሚችሉ መጪ ፊልሞች» የሚል ዝርዝር አወጣ፤ የኛ ሦስተኛ ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ሾት ሳንቀርፅ! ካገር ውስጥ ፊልሞች አንዱን መርጦ ለአሜሪካው ትልቅ ሽልማት የሚልክ ኮሚቴ አለ። ሩት የምትመኘው እዚያ መድረስ ነበር። ያንን ዝርዝር በቀን ስንቴ ከፍታ እንደምታይ እግዜር ይወቀው። እኔም ከፍቼ አያለሁ፤ አልዋሽም።

አባትየውን የሠሩት አባ ይመር ናቸው። ተዋናይ አይደሉም፤ ከሐይቁ ዳር የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሩት ውጫሌ ገበያ ላይ ማሽላ ሲሸጡ አይታ ፊታቸውን ወደደችው። ልጅቷን የሠራችው ዘሃራ ደግሞ የጎረቤታቸው የሰዓዳ ልጅ ናት። አባ ይመር እጅ ላይ ያደገች፣ እየቀለደች የምታስቃቸው ልጅ ነበረች።

በስክሪፕቱ ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አባትየው «ከሄድሽበት አትመለሺ» ይላታል። ከዚያ ዝምታ ነው። አባ ይመር ይህን ሲሰሙ እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ እልልሻለሁ። ይህን አልልም።»

«አባባ፣ እውነት አይደለም እኮ። ትወና ነው» አለች ሩት።

«አፍ ትወና አያውቅም። ዱዓም እርግማንም ካፍ ከወጣ ወጣ ነው።»

ሩት ዞራ እኔን አየችኝ። ያን ጊዜ «ተይው፣ ሌላ ቃል ፈልጊ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ሽማግሌ ሲመርቅ እስላም ክርስቲያኑ አብሮ እጁን ዘርግቶ «አሚን» በሚልበት አገር ያደግሁ ሰው ነኝ። የሽማግሌ አፍ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን «ያገሩ ልማድ ነው፤ ትንሽ ብንታገሣቸው ይሉታል» አልኳት። የሠለጠንኩ መስዬ።

የገላገለችን ዘሃራ ናት። «አብሽሩ አባ ይመር!» አለቻቸው። «የምረገመው እኔ፣ እርስዎን ምን አስጨነቀዎ? ይኸው አፉ ብያለሁ። ይበሉትና እንገላገል፤ ፀሐዩ ጨረሰን!» አፉ ማለት በኛ አገር ይቅር ማለት ነው። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ። «አይደገምም።»

ትንሿን የደረት ማይክ ከጋቢያቸው ሥር ደበቅሁ። መንገዱ ላይ ባጃጆቹን አስቆምን። የመስጊዱ አዛን እስኪያበቃ ጠበቅን። ክላፕ የምንለው የመነሻ ሰሌዳ ተመታ። ዘሃራ ሻንጣዋን አነሳች። አባ ይመር «ከሄድሽበት አትመለሺ» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። አንገታቸውን ደፍተው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ካሜራው ያየው ይህን ነው።

እኔ ግን በጆሮ ማዳመጫዬ ሌላ ነገር ሰማሁ። ከጋቢው ውስጥ በሹክሹክታ «አፌ ነው እንጂ ቀልቤ አላለም። ያ ረቢ፣ በሰላም መልሳት» አሉ። ከፈጣሪ ቀጥሎ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ከት!» አለች ሩት እየዘለለች። «ሞላ፣ ድምፅ እንዴት ነው?»

«ንጹሕ ነው» አልኩ።

በየቀኑ የምንሞላው የድምፅ መዝገብ አለ። የትዕይንቱ ቁጥር፣ የቀረጻው ቁጥር፣ ከዳር አስተያየት። አስተያየቱ ላይ «ከቃሉ በኋላ ማጉረምረም አለ፤ ይጽዳ» ብዬ ጻፍኩ። የሰውየውን ዱዓ ማጉረምረም አልኩት፣ በገዛ እጄ። ስክሪፕት ላይ የሌለ ድምፅ ለኛ ቆሻሻ ነው፤ ሳልም ይሁን የበግ ጩኸት፣ ይጽዳ ነው። ይህ ግን ምክንያት አይሆነኝም፤ ቃል በቃል ሰምቻለሁና። ያቺ ዝምታ ሽልማት የምታመጣ ስለመሰለኝ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሚክሱን፣ የድምፁን ቅንብር፣ የሠራው ባለሙያ መዝገቤን አይቶ አጸዳው። ፊልሙን ያየ አንድ የውጭ አገር አማካሪ «ከእርግማኑ በኋላ ያለችው ዝምታ ከፊልሙ ሁሉ ትበልጣለች» አለ። ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ ሆንን። እኔም ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ «ዝምታዋ የኔ ናት» ብዬ ጎረርኩ። ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሩት ለኮሚቴው ከማስገባቷ በፊት ለሐይቅ ሰው ልታሳይ ቃል ገብታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የከተማው አዳራሽ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሰው እስከ በሩ ሞላ። ዘሃራ አልነበረችም። ቀረጻው ካለቀ በኋላ እሷም እንደ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ጅዳ ሄዳለች። እናቷ ሰዓዳ ከፊት ተቀምጣለች። ዘሃራ መደወል ካቆመች ወር አልፎ ነበር፤ እኛ ይህን አልሰማንም።

«ከሄድሽበት አትመለሺ» የሚለው ቃል በትልልቆቹ ስፒከሮች ወጣ። ከዚያ ዝም። ሰዓዳ ተነሳች፤ ሻርፗን ሳብ አድርጋ በሰዉ መሃል ወጣች። ማንንም አላየችም።

አባ ይመር ካጠገቤ ነበሩ። ክንዴን ያዙኝ።

«ሞላ፣ የቀረውስ?»

«የቱ አባ?» አልኩ። የቱ እንደሆነ እያወቅሁ።

«መልሼው የለም እንዴ! አንተ ያንን ነገር ጆሮህ ላይ አድርገህ ነበር። አልሰማሁም በለኝ እስቲ!»

ዓይኔን ወደ ፊልሙ መለስኩ።

«እርግማኑን ይዛችሁ ዱዓውን ጣላችሁት?» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ከሰው ፊት ያዋረዱኝ አለቆች ነበሩ። እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም።

እሑድ ጠዋት ከአባ ይመር ጋር ሰዓዳ ቤት ሄድን። ጥሬ ቀረጻ አላጠፋም፤ ካሉኝ ደህና ልማዶች አንዱ ነው። ላፕቶፔንና ማዳመጫዬን ይዣለሁ። ሰዓዳ የኔን ሰላምታ መለሰች። አባ ይመርን ቀና ብላም አላየቻቸው። ስትወልድም ባሏ ሲሞትም ከደጇ ያልጠፉ ጎረቤት ናቸው።

«ሰዓዳ፣ አፉ በይኝ» አሉ።

«አፉ የምልዎ ልጄ ስትደውል ነው» አለች።

ማዳመጫውን ሰጠኋት። ሹክሹክታው ላይ ስትደርስ አወለቀችው።

«ይህን መቼ ነው ያሉት? ትላንት ወጥቼ ስሄድ ለኔ ማባበያ ብላችሁ ቀርፃችሁት እንደሆነስ?»

ደነገጥኩ። ሥራዬን እንዲህ የተጠራጠረብኝ ሰው አልነበረም፤ ለመጠራጠር ደግሞ ምክንያት አላት። ከዚያ ትዝ አለኝ። ከት ከተባለ በኋላ መቅጃውን ቶሎ አልዘጋም። «አታውልቂው፤ እስከ መጨረሻው ስሚው» አልኳት።

እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። ክላፑ፣ እርግማኑ፣ ሹክሹክታው፣ የሩት «ከት!» ሳይቋረጥ ተከታተለ። ከዚያ ዘሃራ እየሳቀች «ወላሂ አባ ይመር፣ አስፈሩኝ እኮ! ይምጡ፣ ውሃ ይጠጡ» ትላለች። ሰዓዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ድምጿን ድገምልኝ።»

ደገምኩላት። አሁንም «ድገምልኝ» አለች። ስንት ጊዜ እንደደገምኩ አላውቅም። በመጨረሻ ዓይኗን ጠርጋ አባ ይመርን «ይቀመጡ እንጂ፤ ምን ቆመው ይቀራሉ?» አለቻቸው። ሽማግሌው ተቀመጡ።

ልወጣ ስል ግን ያዘችኝ። «ለኔ አሰማኸኝ። አገር የሰማውስ? ይህ ነገር አሜሪካ ድረስ ይሄዳል አሉ። በሄደበት ሁሉ ልጄን ሲረግሟት ሊኖሩ ነው?»

ቀጥታ ሩት ወዳረፈችበት ሆቴል ሄድኩ።

«ሞላ፣ ኮሚቴው ጋ የሚገባው ረቡዕ ነው» አለች። «ያቺን ዝምታ ከነካናት አለቀልን። ደግሞ ‹ይጽዳ› ብለህ የጻፍከው አንተው ነህ!»

«እኔ ነኝ። የጻፍኩት ውሸት ነው። ማጉረምረም አልነበረም።»

«ታዲያ ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሽልማቱ አማረኝ» አልኳት። ቀጥዬም ጀግንነት ቢጤ ቃጣኝና «እምቢ ካልሽ ስሜን ከፊልሙ አውጪው» አልኩ።

«ስምህን ማን ያነበዋል ብለህ ነው? የዚያን ሰዓት ሰዉ ተነስቶ እየወጣ ነው!»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ማዳመጫውን ተቀበለችኝ። ሹክሹክታውን ሰምታው አታውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ማዳመጫውን አወለቀች።

«እኔ የጻፍኩት አባት ጨካኝ ብቻ ነበር» አለች። «እኚህ ሰውዬ የተሻለ አባት ሰጥተውኝ ነበር። አንተ ሰረዝክብኝ።»

ማክሰኞ አዲስ አበባ ገብተን ሹክሹክታውን ፊልሙ ላይ መለስነው። አላጎላነውም፤ ጆሮ የሰጠ ይሰማዋል። ረቡዕ ለኮሚቴው ገባ። የውጭው አማካሪ «አበላሻችሁት» ብሎ ጻፈ። የቴሌግራሙ ዝርዝር ላይ ወደ ሰባተኛ ወርደናል። ይህን ስጽፍ ኮሚቴው ገና አልወሰነም። ሩት ብትመረጥ ደስታዬ ነው፤ ይገባታል።

ሩት ግን ውሳኔውን ሳትጠብቅ ፊልሙን ይዛ ሐይቅ ተመለሰች። ማንም አላስገደዳትም። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው። ሰዓዳም መጣች። ዘሃራ አሁንም አልደወለችም።

እርግማኑ ወጣ። ቀጥሎ «አፌ ነው እንጂ ቀልቤ አላለም። ያ ረቢ፣ በሰላም መልሳት» የሚለው መጣ። ቀድማ ድምፅ ያሰማችው ሰዓዳ ናት። «አሚን» አለች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሚን!» አለ። ፊልሙ እየሄደ ነው፤ የሚያየው የለም። አባ ይመር ጋቢያቸው ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው ያለቅሳሉ። እኔም «አሚን» አልኩ። ያን ቀን መቅጃዬን አልያዝኩም ነበር።

ዘሃራ ሁለት ሳምንት ቆይታ ደወለች። አሠሪዋ ስልኳን ወስዳባት ኖሯል፤ ቤት ቀይራለች፤ ደህና ናት። የዱዓው ሥራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማውቀው የሰማሁትን ብቻ ነው።

ሳውንድማን ለምትሆኑ የምላችሁ ይህንኑ ነው። «ማጉረምረም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሰውየው ምን እንዳለ ጻፉ።