በቡርቱካን ሚዛን ላይ የተገኘችው ካንዴላ

ሰው ተፈራን ሾፌር ይበለው እንጂ፣ እሱ ራሱን የሚቆጥረው የዜማ ሰው አድርጎ ነበር። የአሮጌዋ ፊያቱ ሞተር አራት ድምፅ አለው፤ አራቱ ተከታትለው ሲያዜሙ የአምባሰል ቅኝት የሚወጣ ይመስለዋል። በዚያ በደርግ ዘመን፣ በሰልፉና በኩፖኑ መሀል፣ ልቡ የሚያርፈው መሪ ጨብጦ ያንን ሲሰማ ነው።

አንድ ሰሞን ታዲያ ከአራቱ አንዱ ድምፅ ጠፋ። ነዳጁን ከሚለኩሱት አራት ካንዴላዎች የአንዷ ነጭ ሸክላ ተሸርፎ እሳት መትፋቷን ተወች፤ መኪናዋም ታነክስ ጀመር።

ጊዜው ክፉ ነበር። የሟች ጓደኛው የግርማ ልጅ ሂሩትን፣ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል፣ "ስትዳሪ በዚህች መኪና የምወስድሽ እኔ ነኝ" ብሏታል። እነሆ፣ ሂሩት ከመርሳ ወደ ወልድያ ልትዳር ሳምንት ቀርቷታል። እናቷ እትዬ እልፍነሽ ወሬውን ሲሰሙ ሳቁ።

"የኔ በቅሎ ካንዴላ አትጠይቅም! ስድስት ሰዓት ላይ ካልደረስክ ልጄን በሷ ነው የምሸኛት።"

ወልድያ ያለው መካኒክ ዓለምነህ ሳጥኑን ገለበጠ። የላንድሮቨር ካንዴላ አገኘ። "ይቺ ረጅም ናት፤ ከውስጥ ፒስተኑን ትኮረኩመዋለች።" የሞተር ብስክሌት ካንዴላ አነሳ። "ይቺ ደግሞ ቀጭን ናት፤ ቀዳዳው ውስጥ ትዋኛለች።" በቀበሌው ሱቅ ለሳሙና ሰልፍ አለ፤ ለካንዴላ ግን ሰልፉ ራሱ አልነበረም።

የሠርጉ ዕለት ተፈራ ባለወርቃማ ቁልፍ ኮቱን ለብሶ፣ በሦስት ድምፅ እየተጎተተ ወደ መርሳ ወረደ። የተወለደው ውርጌሳ ነውና ለመኪናዋ እንዲህ እያለ አንጎራጎረላት፦

"አንቺ መርሳ ሆነሽ እኔ ከውርጌሳ፣
በሦስቱ ካንዴላ ልቤ መች ተነሳ።"

መኪናዋም ግጥሙን የሰማች ይመስል መርሳ ገበያ ዳር ጸጥ አለች።

ተፈራ ወርዶ ላቡን ሲጠርግ ዓይኑ በቅመም ሻጯ በቡርቱካን ሚዛን ላይ አረፈ። በአንዱ ጎን ጥቁር አዝሙድ፣ በሌላው ጎን ለመመዘኛ የተቀመጠች አዲስ ካንዴላ! የናፈቃትን ሴት ድንገት መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ሮጠ። ብድግ አደረጋት።

"ኧረ ወላሂ፣ ሚዛኔን አስቀምጥ!" ቡርቱካን ጮኸች።

"እህት ዓለም፣ ይቺ እኮ የኔዋ መንትያ ናት።" የሞተችዋን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። የተጻፈባቸው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። "ሙሽራ የምትጠብቀኝ አለች፤ እንለዋወጥ።"

ቡርቱካን ሁለቱን በሚዛኑ ግራና ቀኝ አስቀመጠቻቸው። የተፈራዋ ሽቅብ ወጣች።

"አየህ? ያንተ ቀላል ናት። መርሳ ሙሉ የሚያምነው ወንድሜ በሰጠኝ በዚህች ካንዴላ ነው።"

አዝሙድ ሊገዙ የቆሙት ሼህ አማን ጣልቃ ገቡ። "እኛ ደግሞ በሸራፋ ካንዴላ አንመዘንም! ከእያንዳንዳችን ቁንጥር ቁንጥር እየጎደለ እስከ መቼ?"

ገበያተኛው ከበባቸው። ተፈራ ፀሐይዋን አየ፤ ወደ አናት እየተጠጋች ነው። በቅሎዋ ስትጫን ታየችው። ኮቱን ያዘና የላይኛውን ወርቃማ ቁልፍ በጥሶ በሞተችው ካንዴላ ላይ ጣለ። ሚዛኑ ትንሽ ወረደ፣ ግን አልተስተካከለም።

"ጨምር!" አሉ ሼህ አማን፣ እንደ ዳኛ።

ሁለተኛውንም በጠሰ። ሚዛኑ ተንገዳገደ፣ ተንገዳገደ፣ ቀጥ አለ። ገበያው በእልልታ ተናጋ። ቡርቱካን ሁለቱን ቁልፎች ከሞተችው ካንዴላ ጋር በክር ጠምጥማ አሰረች፤ ከዚያ በኋላ ሰው "በሾፌሩ ኮት መዝኚልኝ" ይላት ነበር።

ተፈራ አዲሷን ገጠመ። አራተኛው ድምፅ ተመለሰ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እትዬ እልፍነሽ ደጃፍ ሲደርስ በቅሎዋ ተጭና ቆማ ነበር። ሂሩት መኪናዋን አይታ እንደ ሕፃንነቷ ዘለለች። እናትየው ግን የተገለጠውን ደረቱን አዩ።

"አንተ! ለልጄ ሠርግ እንዲህ ተከፍተህ ነው የምትመጣ?"

"ገበያ ላይ ተመዝኜ ነው፣ እትዬ።" ነገሩን ነገራቸው።

 ሴትየዋ ከነጠላቸው ጫፍ መርፌ ቁልፍ ፈትተው ተጠጉትና ኮቱን አንድ ላይ አያያዙለት።

"በቅሎዬ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረባትም" አሉ። ከዚያ የመኪናዋን በር ከፍተው፣ ከሙሽራዋ ቀድመው ገቡ።